የሶልቬግ እሁድ

በዚያን ዘመን፣ ግንቦት በገባ ቁጥር የአርቪድ አሮጌ መኪና ላይላክ ላይላክ ይሸት ነበር። ሚስቱ ሶልቬግ ያንን ሐምራዊ አበባ በባልዲ ሙሉ ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ መስኮቱን ልክፈት ቢላት፣ «ሽታውን ለሜዳው ልታድለው ነው? ተው!» ትለው ነበር።

ሶልቬግ ካረፈች ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርቪድ ዶሪንን አገባ። በዚያ በሚኒሶታ ገጠር፣ የሟች ሙት ዓመት በሚውልበት እሁድ ቤተሰብ አበባ አምጥቶ መሠዊያው አጠገብ ያኖራል፤ ፓስተሩም የሟቹንና አበባውን ያመጣውን ሰው ስም ይጠራል። አርቪድ ግን ከሠርጉ ወዲህ ሁለት ግንቦት እጁን አጣጥፎ አሳለፈ። ማንም አልከለከለውም። አዲሷን ሚስቴን ይከፋት ይሆናል ብሎ ፈራ፤ እሷኑ መጠየቁን ደግሞ ከዚያ የባሰ ፈራ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ቅዳሜ እራት ላይ፣ ዶሪን ራሷ ነገሩን አነሳችው።

«ነገ የሶልቬግ እሁድ አይደለም እንዴ?»

«ተይው ባክሽ። ላንቺ ብዬ ነው የተውኩት።»

«ለእኔ ብለህ? ምነው አርቪድ፣ እኔ ከሙት ጋር የምጣላ ሰው ነኝ?» ሹካዋን አስቀመጠችና፣ «ለካ እናቷ እማማ ጉድሩን ሰላምታዬን እንኳ የማይቀበሉኝ ለዚህ ነው!» አለች።

አርቪድ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

በማግስቱ ዶሪን ማልዳ ተነሥታ ሶልቬግ ጓሮ ከተከለችው ላይላክ ቆረጠች። ውሃ እንዲስብ የቅርንጫፎቹን ጫፍ በመዶሻ ቀጠቀጠች፤ በሸክላ ማሰሮም አሳምራ ደረደረችው።

«ያንተ ስም ይጠራ፤ እኔ ጭብጨባ አልፈልግም። ለእማማ ጉድሩን ብቻ እውነቱን ንገራቸው። ያስተውኩህ እኔ እንዳልሆንኩ ይወቁ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ አርቪድ። ሲናገር ከልቡ ነበር።

ፓስተሩ የአርቪድን ስም ሲጠራ ምእመኑ ዞር ዞር እያለ አየው። ከአምልኮው በኋላ ሁሉም ለቡና ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ሲወርድ፣ ጎረቤቱ ሌስተር ትከሻውን መታ አደረገው።

«ይሄ እጅ ከላም ጡት ሌላ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር! ስሞት ለእኔም እንዲህ ደርድርልኝ።»

«ላንተማ አሜከላ ይበቃሃል!»

ሁሉም ሳቁ። ምስጋናው ጣፈጠው፤ የዶሪን ሥራ ነው ብሎ አልመለሰውም።

የሶልቬግ እናት ጉድሩን በከዘራቸው ጠቅሰው ጠሩት። አጠገባቸው ሲቀመጥ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄን አልረሳሃትም! እኔ እኮ ረስቷታል ብዬ ስንት ክፉ አሰብኩብህ።»

«ኧረ እማማ፣ እንዴት እረሳታለሁ?»

«ራስህ ነህ የቆረጥከው?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «አዎ» አለ።

«ያን ሁለት ዓመት ግን ያቺ ሴትዮ ናት ያስተወችህ፣ አይደል? አንተ እንደሁ ጠብ አትወድ።»

አርቪድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... የቤት ነገር፣ ያውቁት የለ፣ እማማ?»

ቀና ሲል ዶሪን ሽርጧን እንዳገለደመች፣ የቡናውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ከአሮጊቷ ጀርባ ቆማለች። ጆሮው ድረስ ጋለ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ባልጠላ ነበር።

ዶሪን ጎንበስ ብላ የጉድሩንን ስኒ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ሞላች። አሮጊቷ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«እማማ፣ እንዲያውም...» ብሎ ጀመረ አርቪድ።

«ተወው፣ ልጄ። ገብቶኛል» አሉና እጁን መታ መታ አደረጉለት። እሱም ተወው።

ዶሪን ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችና ወንበር ላይ አኖረች። ከዚያም በተሰበሰበው ሰው መሐል አልፋ፣ ለባሏም ለማንም ደህና ዋሉ ሳትል፣ ደረጃውን ወጥታ ሄደች።