አያ ያን የተሸከሙት ድንጋይ

ከአዘዞ የወጣሁ ዕለት ዶሮ ሳይጮህ ነው የተነሣሁት። እህቴ የሻረግ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ "ምነው መንከራተት አይሰለችሽ? መተማ ወርደሽ ከረምሽ፣ ግሸን ተሳለምሽ፤ አሁን ደግሞ ፕራግ?" አለችኝ።

"ልጄ ናት የጠራችኝ።"

"ትጥራሻ። ስደውል ግን ስልኩን አንሺ።"

ከዚያ ማኪናው መጣ።

ልጄ ሰናይት ለትምህርት ሄዳ ሥራ ይዛ የቀረች ናት። የምንኖረው ያን የሚባሉ ሽማግሌ ቤት፣ ፎቁ ላይ ነው። እኔ አያ ያን እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ባቢ ይሉኛል፣ በነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። ያገሩ ሰው ሸጋ ነው፤ ሰላምታው ብቻ አጭር። እኔ ጤናውን ጠይቄ ወደ ልጆቹ ሳልደርስ እነሱ ሦስት ቤት አልፈው ሄደዋል። ምግባቸው ክኔድሊኪ ይባላል፤ ሊጡን በመጋገር ፈንታ በውሃ ይቀቅሉታል። ላዩ ላይ የሚያፈሱት ወጥ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ያቃጥለኛል ብዬ በምላሴ ጫፍ ብቀምሰው ጣፈጠኝ። ብርዱንስ ደባርቅ አስተምሮኛል። የደባርቅ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ እዚህ ፀሐይቱም ራሷ ይበርዳታል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። ምድር ቤት ሰዎች ይሰበሰባሉ። "ምንድን ናቸው?" ብላት ሰናይት፣ "ፓርቲ ናቸው" አለችኝ። በፓርቲ ሰበብ ወንድሜ ሲታሰር ያየሁ ሴት ነኝ።

"የመንግሥት ነው የተቃዋሚ?"

"ከሁለቱም አይደሉ እማዬ። ትንሽ ናቸው።"

"ትንሽ ከሆኑማ ይብሳል" አልኋት።

ኋላ አያ ያን ራሳቸው ታሪኩን አጫወቱኝ፣ ሰናይት እየተረጎመች። እነሱም እንደኛ ደርግ ብጤ ነበረባቸው። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የቤቱን ቁልፍ እያንቃጨለ "በቃችሁ፣ ሂዱ" አላቸውና ሄዱ። ያን ጊዜ አያ ያንና ሃና የምትባል አስተማሪ ፓርቲውን መሠረቱ። ሐሳባቸው፣ ሰው እንዳሻው ይናገር፣ እንዳሻው ይነግድ፣ የታመመና የደኸየ ግን አይጣል ነው።

"ይህንን የሚጠላ ማን አለ?" አልኋቸው።

"የሚጠላው የለም ባቢ። የሚመርጠው ነው የጠፋው።"

አንድ ጊዜ ፓርላማ ገቡ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ድምፁ አነሰና ደጅ ቀሩ። ከሌላ ትንሽ ፓርቲ ጋር ተጋብተው ስም ቀየሩ፤ ተፋትተው ደግሞ ቀየሩ። በመጨረሻ ሃና ከትልቅ ፓርቲ እንጠጋ ስትል አያ ያን ብቻችንን እንቁም አሉ፤ "ሸጠችን" ብለውም ጋዜጣ ላይ አወጡባት። ከፓርቲው ማንም አልወጣም፤ ግን ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እሷ ዘንድ ሆኖ ሰላምታ ከተቋረጠ ዓመታት አለፉ።

ላንቺ ምንሽ ነው እንዳትሉኝ። አያ ያን "ፓርቲው እስካለ ይህን ቤት አልሸጥም" ይላሉ። የመኖሪያ ፈቃዴን የሚያድሰው ሹም ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ ይጠይቀኛል።

"አድራሻ?"

"የያን ቤት።"

"ቤቱ ባይኖርስ?"

"እግዜር ያውቃል።"

"እሱ እዚህ መጥቶ አይፈርምም" አለኝ፣ ሳይስቅ።

ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት የሚመጣውን ሰው እቆጥራለሁ፤ በየጊዜው ያንሳል። እነዚህ ሁለቱ ካልታረቁ ፓርቲው ይሞታል፣ ቤቱም ይሄዳል ብዬ ቆረጥሁ።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ "ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ" እስኪባል አያወርድም። ለአያ ያን ብነግራቸው ሳቁ። በማግሥቱ ከጓሮ አንድ ድንጋይ አንሥተው፣ "ይህ ይበቃል?" አሉኝ።

"ጋዜጣ ላይ ላወጣ ሰው ትንሽ ከበድ ይበል" አልኋቸው።

ወደ ሃና ቤት ስንሄድ፣ ትራምቫይ የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ፣ ትኬት ተቆጣጣሪው ድንጋዩን አየው። "ይህ ምንድን ነው?"

"ይቅርታ ነው" አሉት አያ ያን።

"እንግዲያው ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት፤ መቀመጫ አይያዝ።"

ሃና በሩን ስትከፍት አያ ያን ድንጋዩን ተሸክመው አጎንብሰዋል። እኔና ሰናይት ከጎናቸው ቆመናል።

"ያን፣ ምን ሆነሃል?"

"በድለሃታል ትለኛለች ባቢ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"ይከብዳል" አሉ።

ሃና ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ አወረደችላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ወገን ምድር ቤቱን ሞላው። ወንበር አንሶ የኛን አወረድን። እኔ ዳቦ ቆርሼ አዞርሁ። ኋላ ሁሉም ባንድ ላይ እጃቸውን አነሡ፤ መሐላ መሰለኝና እልል አልሁ። አጨበጨቡልኝ። ሃና ታለቅስ ነበር።

ሰዉ ሲበተን አያ ያን እጄን ሳሙኝ። "ባቢ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አቅቶን ነበር። ደንቡ፣ ከግማሽ በላይ አባል ካልተሰበሰበ መዝጋት አይቻልም ይላል። አሁን በፍቅር ዘጋነው።"

"ምኑን?"

"ፓርቲውን።"

አሁን ቤት ገዢዎች እየመጡ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዱ ከሃና ቤት መልሰን ደጃፉ ላይ ያኖርነውን ድንጋይ አይቶ ከቤቱ ጋር ይሸጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። አያ ያን ወደ ገጠር፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሏቸዋል። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ቤት ትፈልጋለች፤ አከራዮቹ አሮጊት አለች ሲባሉ ክፍሉ ተይዟል ይሏታል። የሹሙም ቀጠሮ ደርሷል።

እሑድ የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ የሻረግ ናት። ከኋላዋ የአዘዞ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ሁሉንም ነገርኋት።

"ሰው አስታርቀሽ ቤትሽን አፈረስሽ በይኛ?"

"እርቁ ሸጋ ነበር።"

"ይሁን። እንግዲያው በሚመጣው እሑድ በየትኛው ስልክ ልደውል?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርሁት።

"የሻረግ፣" አልኋት፣ "እስኪ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይልኝ፤ ደወሉን ልስማው።"