በሄልሜቴ ውስጥ የሚጮኸው ንፋስ፦ ከደብረ ብርሃን ራቤል በሞተር

ደብረ ብርሃን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ሞተሬን ከግቢ እየገፋሁ ሳወጣ የአከራዬ ውሻ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። መቀመጫው ላይ ያደረውን አመዳይ በመዳፌ ስጠርገው እንደ ጨው ይፈረፈራል። የመድኃኒትና የጓንት ቦርሳዬን ከኋላ አስሬ፣ አማትቤ ተነሣሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመንዝና በግሼ ደጋ ከጤና ኬላ ጤና ኬላ በሞተር እየዞርኩ ነፍሰ ጡሮችን አያለሁ። ይህን መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩበት አላውቅም። እንደ ዛሬ ፈርቼው ግን አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ራቤል አጠገብ ባለች ጤና ኬላ አስካለ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ስትጠብቀኝ ደረስኩ። ሄልሜቴን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ፌቶስኮፑን ሆዷ ላይ ደፋሁ። ፌቶስኮፕ አንዱ አፉ በእናት ሆድ ላይ፣ ሌላው በአዋላጅ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ትንሽ መለከት መሳይ መስሚያ ነው። የፅንሱን ልብ ፈለግኩ። የሰማሁት ሽሽሽ የሚል ብቻ ነው። ቦታ ቀየርኩ። ያው ሽሽሽ። የኬላዋ ሠራተኛ ትዕግሥት ተቀብላኝ አዳመጠችና "አለ፣ ደህና ነው" አለች። እኔ ጆሮ ውስጥ የነበረው ቀኑን ሙሉ ሄልሜቴ ውስጥ ሲጮህ የዋለው ንፋስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስካለ ለክትትል አልመጣችም። ትዕግሥት ሁለት ጊዜ ሰው ላከችባት፤ እምቢ አለች። ትናንት ትዕግሥት ደወለችልኝ። "ሲስተር፣ ቀኗ እየገፋ ነው። አንቺው ብትመጪ ይሻላል።"

እመጣለሁ አልኳት። ግን በየትኛው ጆሮዬ?

ጣርማበር፣ 1 ሰዓት ተኩል

የሄልሜቴን የአየር ቀዳዳዎች ማታውኑ በፕላስተር ደፍኜ ነበር። ምንም አልፈየደም። አስፋልቱ ላይ ፍጥነት ስጨምር ጩኸቱም እኩል ይጨምራል። መጀመሪያ እንደ ወንፊት ይንሿሿል፣ ቀጥሎ እንደ ወፍጮ ያገሳል።

ከአፋፉ በፊት ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሳላስበው ጉድጓድ ለመዝለል ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ወፍጮው ጸጥ አለ! ተቀመጥኩ፤ ጮኸ። ተነሣሁ፤ ዝም። እንደ እብድ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ለካ ጩኸቱን የሚያመጣብኝ ብርድ እንዲከልልኝ ብዬ ከመሪው ፊት ያስገጠምኩት መስታወት ነው። ንፋሱን ከደረቴ ይመልስልኝና አሽከርክሮ ሄልሜቴ ላይ ይወረውረዋል።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ካቻቢቴ ተዋስኩ።

"ምን ልትፈቺ ነው?" አለኝ ብርጭቆውን እንደያዘ።

"ይህን መስታወት።"

"ኧረ በማርያም! በዚህ ብርድ? በረዶ ሆነሽ ነው የምትደርሺው።"

"በረዶ ሆኜ ብሰማ ይሻለኛል።"

ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባው ትከሻውን ሰበቀ፤ ግን ዝገት የያዘውን ብሎን ራሱ ፈታልኝ። መስታወቱን ለሻይ ቤቷ ባለቤት አደራ ሰጥቼ ወደ ሰሜን ታጠፍኩ። ወፍጮው ሄዷል። ወንፊቱ ግን አለ፤ ብርዱም ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ሞላሌ፣ 3 ሰዓት ተኩል

ገበያ ነው። የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶታል፤ ገብስ የጫኑ አህዮች በመሐል ይገፋፋሉ። ትኩስ የገብስ ቂጣ በአዋዜ በላሁ። አፌ ይቀምሳል፣ ጆሮዬ ግን የሻጯን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ያደርገዋል። ሁለቴ "አቤት?" አልኳት። ሦስተኛውን አፍሬ ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከበግ ፀጉር የሚሠራ በርኖስ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ አባባ ደስታ እላቸዋለሁ። አንዴ የልጅ ልጃቸውን አዋልጃለሁ። ሄልሜቱን አሳይቻቸው ችግሬን ነገርኳቸው። አገላብጠው አዩትና ራሳቸው ላይ አጠለቁት። ነጭ ጢማቸው ከታች ሾልኮ ወጣ።

"እስኪ ንፊብኝ" አሉ ከውስጥ።

"ምን አሉኝ?"

"በአፍሽ! ዙሪያውን እፍ በይ!"

ገበያተኛው እያየኝ በሄልሜቱ ዙሪያ እፍ አልኩ። ግንባራቸው ጋ ምንም፣ ጆሯቸው ጋ ምንም። ከአገጫቸው ሥር ስነፋ እጃቸውን አነሡ።

"ይኸው! ጣሪያ ስትደፍኚ ኖረሽ በሩን ክፍት ትተሽዋል።"

የተሸመነ ጥቁር በርኖስ ቁራጭ አውጥተው በሄልሜቱ የታችኛው ከንፈር ዙሪያ፣ አንገቴን እንዲያቅፍ አድርገው ሰፉት። ወፍራም መርፌያቸው የሄልሜቱን ስፖንጅ ሲወጋው ሲጥ ሲጥ ይላል። በመሐል ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፦

"ልጄ፣ ጆሮሽን ሐኪም አይቶታል?"

"እኔው ሐኪም ቤት አይደል የምውል፣ አባባ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። አይቶታል ወይ ነው ያልኩሽ።"

ግራ ጆሮዬ ማታ ማታ ከተኛሁም በኋላ እንደሚጮህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አዋላጅ ጆሮዋን ካጣች ምን ይቀራታል?

ሒሳባቸውን ሰጥቼ ተነሣሁ። ኪሴ ውስጥ ከፋርማሲ የገዛኋት ጥንድ የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅም አለች። ወር ሙሉ ይዤያት ስዞር፣ መኪና ከኋላዬ ሳልሰማው ቢመጣስ እያልኩ ፈርቼ አልተጠቀምኩባትም። ዛሬ አፍተልትዬ በየጆሮዬ ከተትኳት።

ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ 7 ሰዓት

ጸጥታው ራሱ አስፈራኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍጥነቴን የማውቀው በንፋሱ ጩኸት ነበር። አሁን ኮረኮንቹ ከጎማዬ ሥር ሲፈናጠር በወገቤ ይሰማኛል እንጂ ድምፁ የለም። በየደቂቃው በሞተሩ የጎን መስታወት ወደ ኋላ አያለሁ። ማንም የለም። እንደገና አያለሁ።

ከዚያ ጉም ወረደ። አባባ ደስታ የሰፉልኝ በርኖስ ንፋሱን ብቻ ሳይሆን ትንፋሼንም አላሳልፍ ብሎ ኖሮ፣ የሄልሜቱ መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፈነ። በመጀመሪያ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋኝ፤ ቀጥሎ መንገዱ። በስተቀኜ ገደል እንዳለ አውቃለሁ፤ የት ጋ እንደሚጀምር ግን አላይም። ፍሬን ይዤ ኩርባው ላይ ቆምኩ።

ያኔ ክላክስ ሰማሁ። ከኋላዬ፣ ገና ከሩቅ፣ ጥርት ብሎ። ሞተሬን ወደ ተራራው ጥግ ገፍቼ ሳበቃ ነው አንድ አይሱዙ በጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው። ሾፌሩ አጠገቤ ሲደርስ ቀጥ አለ።

"እህት! ኩርባ ላይ ይቆማል እንዴ? ክላክሱን ባትሰሚው ኖሮስ?"

"ሰምቼዋለሁ" አልኩት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ "ሰምቼዋለሁ!" ብዬ ደገምኩለት።

ጤነኛ መሆኔን ተጠራጥሮ ይመስለኛል ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እውነት ነው የነገርኩት። ስፖንጇ የደፈነችው የንፋሱን ጩኸት ነው፤ ክላክሱን ሲሸፍንብኝ የኖረው ንፋሱ ነበር። ከአገጬ ሥር ያለውን ስፌት ሁለት ጣት ያህል ተረተርኩት። ትንሽ ሽውታ ገባ፣ መስታወቱ ጠራ፣ መንገዱም ታየኝ። እስከ ራቤል ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ራቤል፣ 10 ሰዓት

ትዕግሥት መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ሄልሜቴን አውልቄ፣ ስፖንጇን ከጆሮዬ አውጥቼ፣ ሞተሩን ኬላው ጋ ትቼ በእግር ወደ አስካለ ቤት ሄድን። ባሏ ምስጋናው ደጃፍ ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ሰላምታችንን መለሰ፤ ከበሩ ላይ ግን ገለል አላለም።

"በዚያ ቀን ከናንተ ዘንድ መጥታ እህል አልቀመሰችም። ዛሬ ደግሞ ምን ልትነግሯት ነው?"

አስካለ ከውስጥ መደብ ላይ ሆና ሰማችን። "ተዋቸው፣ ይግቡ" አለች። ገባሁ። ዓይኔን እያየች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

"ሞቷል አይደል?"

"ማን አለሽ?"

"አንቺ። በአፍሽ አላልሽም። መስሚያውን ስታነሺ ግን ፊትሽ ዐመድ መሰለ። እሷ 'ደህና ነው' ያለችኝ ልታጽናናኝ ነው ብዬ ነው የሄድኩት።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ሬሳ ይዤ እዞራለሁ ብላ አምናለች። ፅንሱ ሲንቀሳቀስ እንኳ ሆዴ ነው፣ ረሃብ ነው ትላለች። መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አስካለ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የታመመው ልጅሽ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው። በዚያ ቀን ምንም መስማት አልቻልኩም። ያንኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ።"

ትዕግሥት መሬት መሬቱን አየች። ምስጋናው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ።

ጆሮዬ እንዲያርፍ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ ፌቶስኮፑን ደፍቼ በግራ ጆሮዬ አደመጥኩ። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ የሆነ ነገር፤ ልምልበት የማልችል። በቀኝ አዞርኩት። ልክ እንደ ሰዓት፣ ከሰዓት ግን የፈጠነ፤ አለ! ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ቁጥሩን ሳልናገር መስሚያውን ለትዕግሥት ሰጠኋት። እሷም ቆጥራ ስትነግረኝ ቁጥራችን ገጠመ።

"ሰኞ ለግራው ጆሮዬ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ" አልኩ፤ ለማን እንዳልኩት አላውቅም።

አስካለ አሁንም አላመነችኝም። ከንፈሯ ደርቋል። ስለዚህ ምስጋናውን ጠራሁት። ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ መስሚያው አስጠጋ። ትንፋሹን ያዘ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ እሱኑ እናያለን። ድንገት ዓይኑ ፈጠጠ።

"ኧረ ይሮጣል!" አለ ደንግጦ። "ሲስተር፣ እንዲህ መሮጡ ደግ ነው?"

"ደግ ነው" አልኩት። "እንደዚያ ነው መሮጥ ያለበት።"

አስካለ እጇን ዘርግታ የባሏን ራስ ያዘችው። "አትነሣ" አለችው። "ትንሽ ቆይተህ ስማልኝ።"