ባሌ ለእጄ ሥራ ያገኘው ቃል

ባሌ ጎንደር ሳለ አስተማሪ ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተሰደድን በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፤ ከሰዓት ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ለስደተኛ ወጣቶች እንግሊዝኛ ያስተምራል። እኔ መርፌ ነበር ሥራዬ። የሐበሻ ቀሚስና የነጠላ ጠርዝ እጠልፋለሁ፤ ሱዳናውያት ጎረቤቶቼም አንዳንዴ የሚከናነቡትን ቶባቸውን ያመጡልኛል።

አንድ ቀን ሽፋኑ የተገነጠለውን መዝገበ ቃላቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «አንቺ፣ ሥራሽ በእንግሊዝኛ ስም አለው!» አለኝ።

«መስፋት ነዋ።»

«አይደለም። ይኼ የልብስን ጠርዝ በጥልፍ ማስጌጥ ብቻ ነው። ፐርፍል ይባላል።»

«ፊልፊል? የዐረቦቹ ቁንዶ በርበሬ?»

ያከራየችን ሱዳናዊት ሐጃ ሰምታ በሳቅ ፈነዳች። እሱ ግን አልሳቀም። የቫዮሊን እንጨት ዳር ዳሩን የሚዞረውን ጌጥ የሚሠራ ሰውም በዚሁ ቃል እንደሚጠቀም አነበበልኝ። ቫዮሊን አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ በሥዕል ብቻ ነው አለኝ።

«ሰውስ ይናገረዋል?»

«ድሮ ነው አሉ። አሁን ብዙም አይሠራበትም። እኛ እንሥራበታ!»

ሠራንበት። ሰው መጥቶ የት እንዳለሁ ሲጠይቅ «ፐርፍል እያደረገች ነው» ይላል። ተማሪዎቹም ለመዱት፤ ሰላምታ ሳይቀር «ፐርፍል እንዴት ዋለ?» ሆነ።

በክረምቱ የመጋዘኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለአረም ወደ ዶካ እርሻዎች ወረደ። ሲመለስ ትኩሳቱ አይበርድም፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ካላዛር ነው አሉን። ሆስፒታል አስተኙት። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ነበረች፣ ደግ ሴት። መርፌ ልትወጋው ስትመጣ ወደ እኔ እየጠቆመ «ፐርፍል» እያለ በእንግሊዝኛ አወራት። ነርሷ ግራ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ቀስ ብሎ ነገራት። የነጠላዬን ጠርዝ ይዞ አሳያት። ያን ጊዜ ፈገግ ብላ ቃሉን ከአፉ ተቀብላ ደገመችው።

ስትወጣ፣ «አታውቀውም» አለኝ። «የራሳቸውን ቃል።»

«አሁን አስተማርካት አይደል?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን እንዳስከፋው ያን ቀን አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ከሚያውቀው ሁሉ የቀረው ያ ቋንቋ ብቻ ነበር።

ትንሽ ተሽሎት ቤት ገባ፤ በሽታው ግን አገረሸበት። አንድ ማለዳ ውኃ አምጪልኝ ብሎኝ፣ ይዤ ስመለስ አልፏል።

ለመገነዣ ነጭ አቡጀዲ ተገዛ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ መርፌና አረንጓዴ ክር ይዤ ጠርዙን መጥለፍ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄን የማደርግበት አጥቼ ነው። ወንዶቹ አንገረቡን፣ ሬሳ የሚሸከሙበትን አልጋ፣ ደጅ አቁመው ይጠብቃሉ። አንድ የአገራችን ሽማግሌ ገብተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ፀሐዩ ከረረ። ነጭ ይበቃዋል።»

«አባቴ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ትንሽ አልነበረም። አንዱን ወገን እንኳ አልጨረስኩም። ሐጃ በዐረብኛ «ተዉአት፣ መስኪን» አለቻቸው። እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው እዚያው ቁጢጥ እንዳሉ ቆዩልኝ። አንዱን ወገን ስጨርስ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ሰጠኋቸው። ሦስቱ ጠርዝ ባዶውን ሄደ።

ከሐዘኑ በኋላ ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ፤ ግቢው ውስጥ ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ። አንዱ ካርቱም፣ ሌላው ሊቢያ፣ እንዲህ ተበተኑ። እኔ በዓመቱ በገላባት ተሻግሬ መተማ እናቴ ቤት ገባሁ። ወሬ የሚያደርስልኝ ሰው ስላጣሁ መሞቱን አልሰማችም ነበር። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብላ ከኋላዬ መንገዱን አየች።

«ባልሽስ?»

«እዚያው ቀረ፣ እማ።»

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።