ጥሩምባ ነፊው አገሩ ሲገባ

ገብረአምላክን ቂርቆስ ሰፈር የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ደስ ብሎት የሚያየው ግን ጥቂት ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ሲጮህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከነብርድ ልብሱ ቀና ይልና «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ይሆን?» ይላል። ከዚያ የእሱ ድምፅ ይከተላል። የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ድንኳኑ የሚተከልበትን ደጃፍ እየተናገረ በየመንደሩ ያልፋል። እኔ ራሴ፣ እመቤቴ ትወቅልኝ፣ በጠዋት ከቤቴ ስወጣ እሱን ካየሁ ቀኔ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር።

ሰውየው ግን ለማንም ክፉ ሆኖ አያውቅም። ቀጭን ነው፣ ኮቱ ሁልጊዜ ከትከሻው ይሰፋዋል፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል። የሚኖረው የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። የለቅሶው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ጎታ የሚያክለው ድስት ሁሉ እዚያ ይከመራል፤ በአንዱ ጥግ የእሱ አልጋ አለች። ቀን ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ሠልስቱ ሲያልፍ ይነቅላል። ሰው ቤት ገብቶ የሚበላው ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር ብል አልዋሸሁም። ሠርግ ማን ይጠራዋል?

እኔ የሺሃረግ እባላለሁ። ካዛንቺስ የባህል ልብስ ሱቅ አለኝ። በየዓመቱ ለገና ሰው አሰባስቤ፣ አውቶቡስ ተከራይቼ ላሊበላ እወስዳለሁ። ተጓዦቼ ጩኸታም ይሉኛል፤ እኔ ባልጮህ ኖሮ ግማሾቹ ደሴ ላይ ቁርስ ሲበሉ ይቀሩ ነበር። ገብረአምላክን «አንተ ለምን የእድሩ አባል አትሆንም? ዕድሜህ እየሄደ ነው» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«እኔማ አገሬ ነው የምቀበረው፣ እትዬ የሺ። እህት አለችኝ።»

«አገርህ የት ነው?»

«ላስታ። ከአሸተን ማርያም ጀርባ።»

«ታዲያ እኔ በየዓመቱ ደጃፍህ ድረስ አውቶቡስ እየነዳሁ አይደል እንዴ! ና እንጂ።»

«ባዶ እጄንማ እንዴት አድርጌ?» ይልና ወንበሩን ተሸክሞ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባትና እናቱ አልቀው እሱና ታላቅ እህቱ ፈንታዬ ብቻ ቀሩ። እሱን ለሰፈራ ወሰዱት። ሲሄድ «እህል ይዤልሽ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ከሰፈራው ቆላ ወባ ጓደኞቹን ሲፈጃቸው አምልጦ፣ በእግርም በመኪናም ብሎ አዲስ አበባ ገባ፤ መጀመሪያ ለገሃር በረንዳ ላይ፣ ከዚያ እኛ ሰፈር። እህሉን ግን የት ያምጣው? ዘንድሮ ትንሽ ልያዝና፣ ለከርሞ ትንሽ ልጨምርና ሲል ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። መልእክት እንኳ አልላከም፤ መልእክትም ባዶ እጁን ሲሄድ የሚያፍር መሰለው። እኛ ሰዎች ይሄ በሽታ አለብን። እናታችን ዓይናችንን ለማየት እየተንሰፈሰፈች እኛ የምንይዝላትን ስኳር እናሰላለን። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በሁለት ሺህ ክረምት ከባምቢስ ጀርባ ኩሽና ቢጤ ተከራይተው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የእድሩ የጥንት አባል ናቸው፤ ዘመድ ግን አልነበራቸውም። ድንኳኑ ተተከለ፣ እድርተኛው መጣ፣ ቀበረ፣ ንፍሮውን ቀመሰ፣ ካርታ ተጫውቶ ተበተነ። ገብረአምላክ ድንኳኑን ነቅሎ በማግስቱ ሱቄ መጣ። እንደ ወትሮው በር ላይ አልቆመም፤ ገብቶ ተቀመጠ።

«አንድም ሰው አላለቀሰላቸውም፣ እትዬ የሺ» አለኝ።

«ማን ያልቅስ? ዘመድ የላቸው።»

«እኔ ላልቅስላቸው ብዬ ነበር። በቃ፣ አልመጣልኝ አለ። እኔስ? እህቴ ታለቅስልኛለች እያልኩ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተኛሁት። ኑሮዋን እንኳ አላውቅም። ዘንድሮ ይዘውኝ ይሂዱ። ካገኘኋት እዚያው እቀራለሁ።»

ከልቡ ነበር። ሥራውን ለቀቀ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለእድሩ ዳኛ አስረከበ። ከሱቄ አንድ ጋቢ መረጠ። ሁሉንም እየዘረጋ፣ ጥለቱን እየዳሰሰ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሌላ ደንበኛ ቢሆን አስወጣው ነበር፤ እሱን ግን ዝም ብዬ አየሁት። ለሰው ስጦታ ሲመርጥ የመጀመሪያው እንደሆነ ያስታውቃል።

በመንገድ ምንም አልበላም። ደሴ አድረን፣ ወልድያን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ተጓዡ ሁሉ እየዘመረ እሱ ጋቢውን ታቅፎ በመስኮት ብቻ ያያል። ጋሸናን ካለፍን በኋላ ግን የየተራራውን ስም መጥራት ጀመረ፤ ለራሱ ነው፣ ለእኛ አይደለም። ላሊበላ ስንደርስ ሜዳው፣ ዳገቱ፣ የዛፉ ሥር ሁሉ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። የገና ለት ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ አለቱ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ፣ ስንት ዓመት አይቼው እንኳ አሁንም ልቤን ይወስደዋል። ዘወር ብዬ ገብረአምላክን አየሁት። ካህናቱን እያየ አልነበረም። ከሕዝቡ መሀል አሮጊት አሮጊቷን እየመረጠ ፊታቸውን ያያል።

በማግስቱ አሸተን ማርያምን ለመሳለም ወጣን። ከዚያ እሱ ወደ መንደሩ ሊሄድ ሲል፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጉልበት ያለን ሁሉ ተከተልነው። ሰው ከዘመዱ ሲገናኝ ማየት የማይወድ ማን አለ? በጠባቧ የገደል መንገድ ዞረን ስንወርድ የመንደሩ ሴቶች ውሃ በሳፋ ይዘው ብቅ አሉ። እዚያ አገር የገና እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ አያልፍም። ያጠበ በረከት ያገኛል ይላሉ፤ እንግዳው ማንም ይሁን ማን።

አንዲት ጎንበስ ያሉ፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ ሴትዮ መጀመሪያ የእኔን እግር አጠቡ። ከዚያ የእሱን ያዙ። መብረቅ የመታው ይመስል ደርቆ ቀረ። አንዱን እግሩን ጨርሰው ሁለተኛውን ሲያነሱ ነው አፉ የተከፈተው።

«እቴ ፈንታ።»

ቀና አሉ።

«ገብሬ ነኝ።»

እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አዩት። «የእናታችን ላም ስሟ ማን ነበር?» አሉት።

«ቦራ።»

ተነሥተው በእርጥብ እጃቸው ፊቱን ያዙ። ጉንጩን፣ ትከሻውን፣ እንደገና ጉንጩን ሳሙት። እኛ እልል አልን፣ ግማሻችን አለቀስን። ወይዘሮ ፈንታዬ ግን አላለቀሱም። ልጃቸውን ጠሩና «ነይ፣ የሞተው አጎትሽ መጣ» አሏት፤ ከዚያ ተቀምጠው የቀረውን እግሩን አጠቡት።

ነገሩን ቤት ገብተን ነው የሰማነው። ከሰፈራው አምልጦ የተመለሰ አንድ የአገሩ ሰው «ገብሬን ወባ ገደለው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ተናግሮ ነበር። ሴትዮዋ መርዶ ተቀመጡ፣ ፍትሐት አስፈቱ፤ ያ ሁሉ ችጋር ባለፈ ማግስት የቀራቸውን አንድ በሬ አርደው ተዝካሩን አወጡ። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ተዝካሩ የተበላለትን ሰው ሊያይ ቤቱን ሞላው። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ልጆቹ ከበሩ ጀርባ ሆነው ይሸሻሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጁን ጨብጠው አልለቅም አሉት።

«ተዝካርህ ላይ የጠጣሁትን የመሰለ ጠላ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም» አሉት፣ ከልባቸው።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሳቁ ሲበርድ ወደ እህቱ ዞሮ እንደ ሕፃን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ምን ብለሽ አለቀስሽልኝ?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ንገሪኝ፣ እቴ።»

ወይዘሮ ፈንታዬ ዓይናቸውን ከምድጃው ሳያነሱ፣ ዜማውን ሳያወጡ፣ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ አሉት፦

«ማን ጠብታ ውሃ አቀመሰው ወንድሜን፣
በሰው አገር ወድቆ ሲጠራ ስሜን።»

ገብረአምላክ ፊቱን በዚያ ባመጣው ጋቢ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ስንት የሰው ሞት የለፈፈ ሰው፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ የሰፈሩን ሁሉ ሬሳ የሸኘ ሰው፣ ለራሱ ሲለቀስለት ሰምቶ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። የተመኘውን ማግኘቱ ነበር እኮ፤ ያገኘው ግን አልፎ ነው።

እህቱ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «አልቅስ» አሉት። «እኔ ለአንተ ያለኝን እንባ ያን ጊዜ አውጥቼ ጨርሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ሲጨንቀኝ ዋለ፤ ፈልጌው አጣሁት።»

እንባውን ጠርጎ «እዚሁ ልቅር ብዬ ነበር የመጣሁት» አላቸው። ሴትዮዋ ቤቱን ዞር ብለው አዩ። ልጃቸው ከነባሏ፣ ከነልጆቿ፣ ከነጥጃዋ እዚያችው ጎጆ ውስጥ ናት፤ እሳቸው ራሳቸው ጥግ ላይ ተጠግተው ነው። «የአባታችን መሬት ሲሸነሸን ወንድምሽስ ቢሉኝ ሞቷል ብዬ የመሰከርኩ እኔ ነኝ» አሉ። «ድርሻህን የያዘው ሰው ጎጆ ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶበታል። የት ላድርግህ፣ ገብሬ?» እሱ ራሱ «ልክ ነሽ» አላቸው፤ ይሄ ነው ያናደደኝ። ትንሽ እንኳ ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ሌሊት እዚያው አደረና በጠዋት ወደ አውቶቡሱ ወረደ። እህቱ አዲሱን ጋቢ ደርበው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙት። እኔ ተጓዥ እየቆጠርኩ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ እጁን ይዘው የተናገሩትን በጆሮዬ ሰማሁ።

«አየሁህ፣ ደስ ብሎኛል። አሁን ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ስትሞት መርዶ እንዳይልኩብኝ። አንዴ ቀብሬሃለሁ፣ ለሁለተኛው አቅም የለኝም። ደህና ነው እያልኩ ልሙት።»

ወይ ድንጋይ! አልኩ በልቤ። ይሄን ያህል አገር አቋርጦ የሚያለቅስለት ፍለጋ ለመጣ ሰው እንዲህ ይባላል? ጋሸና እስክንደርስ ሴትዮዋን ስረግም ነበር። ብቻቸውን ሆነው መርዶ የተቀመጡበትን ቀን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ወልድያ ምሳ በልተን መንገድ ስንጀምር ገብረአምላክ ከወንበሩ ተነሣ። እየተወዛወዘ፣ የወንበሩን ጀርባ እየጨበጠ፣ ከፊት ጀምሮ በየሰዉ ዘንድ መቆም ጀመረ። መጀመሪያ ሊሰናበተን መስሎኝ ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«እትዬ የሺ፣ ቤቷን አይተዋል። ሰዉ ሁሉ አይቷል። ከርሞም ይመጣሉ። እኔ የሞትኩ እንደሆነ አንድ ሰው እንዳይነግራት ይማሉልኝ።»

«አትሙት እንጂ ታዲያ!» ብዬ ጮህኩበት። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

«ይማሉልኝ።»

ማልኩለት። ከእኔ ቀጥሎ የነበሩትም ማሉ። እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ሁሉንም አስምሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ደሴ እስክንደርስም ተኛ።

ዕቃ ቤቱን መልሰው ሰጡት። ከዚያ በኋላ የእድሩ አባል ሆነ፤ «አገሬ ነው የምቀበረው» ማለቱንም ተወ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ቤቴ እጠራው ጀመር፤ በልቶ፣ አመስግኖ፣ ቶሎ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንድ ክረምት ጉንፋን ነው ሲሉ አረፈ። ቂርቆስ ቀበርነው። ሲቀበር አለቀስኩ፤ ለይምሰል አልነበረም፣ ከአንጀቴ ነው።

በዚያው ዓመት ለገና እንደ ልማዴ ላሊበላ ሄድኩ። ወይዘሮ ፈንታዬ ከአሸተን መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጋቢው አርጅቷል።

«ወንድሜ ደህና ነው?» አሉኝ።

አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ወደ መሬት አዩ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ከጋቢያቸው ሥር የተቋጠረ በሶ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩና «ያን ጊዜ ከስቶብኝ ነበር፤ በጥብጠሽ አጠጪው» አሉኝ።