የባለ ሁለት ሰዓቱ ደንበኛ

ማማ ናፉላ ናይሮቢ ውስጥ ሻይ ስትሸጥ እንደዚያ ሰውዬ ያለ ደንበኛ አይታ አታውቅም። ካልሲዎቹ ለየቅል ናቸው፤ ግራ እጁ ላይ ግን ሁለት ሰዓት ያስራል። ሥራው የኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚወጣው ቀንና ሰዓት ለየአገሩ ሰው በየአገሩ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ነው አሉ።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለዋለች።

«የት?»

«የት ይሆናል? እዚሁ አግዳሚዬ ላይ ነዋ።»

ሁለተኛው ሰዓት የሳንቲያጎ ነው፤ ሴት ልጁ ከእናቷ ጋር እዚያ ትኖራለች። ትናንት ትምህርት ቤት ሳትሄድ ሊያገኛት ቢደውል፣ ሄዳለች።

«እሑድ ዕለት እዚያ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተውታል፣ ማማ። ለሰው ሁሉ አስተካክዬ የራሴን ረሳሁት።»

«ገፉት? ለፀሐይዋስ ነግረዋታል?»

ዛሬ የሴት ልጁ ልደት ነው። ቀደም ብሎ መጥቶ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ሻዩ ውስጥ ረስቶ እስኪሟሟ ጠበቀ። ከዚያ ደወለ፤ ስልኩ ተነሣ።

«አባዬ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ ለማማ ናፉላም ተሰማ።

ሰውዬው ሁለቱንም ሰዓቶች በመዳፉ ሸፈናቸው።

«የልደትሽ ሰዓት ነው» አላት።