ለእናቴ የመጣው ምስክር

እናቴ ካናዳ ያለው ልጇ ዘንድ ለመሄድ የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወለደችው እሷ መሆኗን ማስረዳት።

የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ናቸው። ወንድሜ በሱዳን በኩል ወጥቶ ካናዳ ከገባ በኋላ፣ ባሏ የሞተባትን እናቱን ለመውሰድ አመለከተ። ኤምባሲው የሁለቱንም ወረቀት አስተያየና «የአባታችሁ ስም አንድ ነው፤ እህቱ ነሽ እንጂ እናቱ አይደለሽም» አላት። እህት ደግሞ አትወሰድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ አባት ቁንዝላ አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ አልወለዱም። እናቴ በኩሯን፣ ወንድሜን፣ ጡት ስታስጥለው ወስደው አሳደጉት፣ ትምህርት ቤት ሲያስገቡትም በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። በእኛ አገር ይህ ነውር አይደለም፣ ወግ ነው። ለፈረንጅ ማስረዳት የሚችል ካለ ይሞክር፤ እኔ ሞክሬ ሰልችቶኛል።

ቀበሌው «አያትየው ቀርበው ይመስክሩ፣ ደብዳቤ እንጽፋለን» አለን። ከዚህ የቀለለ ነገር አልታየኝም። አያቴ ጣናን በመርከብ አቋርጠው እኛ ወዳለንበት ባሕር ዳር ገቡ። እናቴ እግራቸውን እያጠበች ነገረቻቸው።

«የልጄ ልጅ ነው ማለት ብቻ ነው፣ አባባ።»

«ይኸማ ምን ይከብዳል» አሉ።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ተቀበለን። የትምህርት ቤቱን ወረቀት አገላበጠና «ታዲያ አባት፣ የልጅ ልጅዎ ከሆነ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጄ ነው ብለው የዋሹት ለምንድን ነው?» አላቸው። ለነገር ያህል የጠየቀ ይመስለኛል።

አያቴ በዕድሜያቸው ውሸታም ተብለው አያውቁም። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«ማነው የዋሸ? እኔ አሳደግሁት፣ እኔ ፊደል አስቆጠርሁት! ልጄ ነው! አይደለም የሚል ግዝት ይሁንበት!»

«አባባ!» አለች እናቴ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ፣ ማኅተም አሳረፈበት። እናቴ «ኧረ እኔ ነኝ አምጬ የወለድሁት» ብትል ሊቀመንበሩ «አባትዎን ሐሰተኛ ሊያደርጉ ነው?» አላት። አባቷን ሐሰተኛ ናቸው ብላ ከምትመሰክር ብትሞት ይሻላታል፤ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ሌላ ምስክር ብናመጣም ያንን ቃል የሚሽርልን አላገኘንም። ያን ዕለት በአያቴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ወደ መርከቡ ስንሸኛቸው ደስ ብሏቸው ነበር። እናቴ ክንዳቸውን ደግፋለች።

«አየሽ፣ ባልቆጣ ኖሮ ልጁን ሊክዱብን ነበር» አሏት። «አሁን እንግዲህ መቼ ትሄጃለሽ?»

«ክረምቱ ይውጣ፣ አባባ።»

«ስትደርሽ ለልጄ ሰላም በይልኝ።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች እናቴ።