የሰመር ዋስ

የበደለችኝ አስቴር ናት፤ ጊዜውም በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ግንቦት ላይ። ይህን ያስጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ ልጇን ሊዲያን ሶዶ ቤቴ ድረስ መላኳ ነው። ልጅቷ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ገባች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከዚያ ቤት አንድ ፍሬ ሙዝ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። ቅቤውን ሳልነካ "ምን ፈልገሽ ነው?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ሰመር ልገባ ነው። ወረዳው ወጪዬን ይሸፍንልኛል። ቀነ ገደቡ ቀርቧል፤ ዋስ ብቻ ጎደለኝ።"

እኔም ያኔ የጎደለኝ ዋስ ብቻ ነበር።

ከአስቴር ጋር ሁምቦ እናስተምር ነበር፤ እሷ ከባሏ ጋር፣ እኔ ለብቻዬ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ በአንድ የመዘምራን ቡድን እየዘመርን። የዚያን ጊዜ መምህር ሕልሙ አንድ ነው፦ በክረምት ሰመር ገብቶ ዲፕሎማውን ዲግሪ ማድረግ። እኔ ሁለት ታናናሾቼን ስለማስተምር ከደሞዜ የምከፍለው አልነበረኝም። ስለዚህ ወረዳው እንዲከፍልልኝ አመለከትኩ፤ ስሜም ወጣ። ተምሬ ስመለስ ወረዳውን እንደማገለግል ውል እፈርማለሁ፤ ለውሉ ደሞዝተኛ ዋስ አቀርባለሁ። አንድ ደሞዝተኛ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ ዋስ አይሆንም። በሦስት ሳምንት ካላቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ተጠባባቂው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ስኳር ድንች በዳታ በርበሬ እያጠቀስን "አስቴር፣ ዋስ ሁኚኝ" አልኳት።

የያዘችውን ድንች መልሳ አስቀመጠች። "እስቲ ልጸልይበት፣ እህቴ" አለች።

በእኛ ዘንድ እየጸለየ ያለን ሰው አይወተውቱም፤ እግዚአብሔርን ማጣደፍ ይሆናል። ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅም ያው ነው፤ በጸሎቱ አለማመን። ጠበቅሁ። በቆሎው በዝናቡ ከጉልበት በላይ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት "ጌታ ምን አለሽ?" ብላት "ገና ነው፤ አንቺም ጸልዪ እንጂ" አለችኝ። ምሳዬን ትቼ ጸለይኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ከእኔ ቀድማ ትወጣ ጀመር፤ ስመጣ አጎንብሳ ታልፈኛለች። ያን ጊዜ ነው ልቤ የጠረጠረው።

በመጨረሻው ቀን ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በቀዩ ጭቃ እየዳከርኩ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው የአስቴርን ስም ሲሰማ ሳቀ።

"አንቺ ደግሞ፣ አገር የሚያውቀውን! እሷ እኮ ለባሏ ወንድም ፈርማለች። ተጠባባቂሽ እኮ እሱ ነው።"

"መቼ ነው የፈረመችው?"

መዝገቡን ገለጠ። ቀኑ ሰኞ ነው፤ እኔ በጠየቅኋት ማክሰኞ ዋዜማ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እግዚአብሔርን ምን ስትለው እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ቤት ስገባ አልሸሸችም። "እምቢ ማለት ከበደኝ" አለች። ያኔም አላመንኳት፤ ዛሬም አላምናትም። ቀኑ እስኪያልፍ ነበር የያዘችኝ።

ለትምህርት ቤታችን ሌላ ዕድል የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የጠየቅሁት ጋሽ ተፈራን፣ የእቃ ቤት ኃላፊያችንን ነበር። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ሚካኤል ነበር የሚሳለመው። "አምጪው፤ ጸሎቱ ከፊርማው በኋላ ይደርሳል" ብሎ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመልኝ። በአስተማርኩበት ሁሉ ስሙን አንስቻለሁ።

ሊዲያ ፊቴን ስታይ ቆይታ "እናቴ 'ይጸልዩበት፣ አይቸኩሉ' ብላለች" አለችኝ።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ያን አውቃለሁ። ያኔ ማክሰኞ ዕለት 'እምቢ' የምትል አንዲት ቃል ባገኝ ግን እኔም ሌላ ዋስ አላጣም ነበር።

"አልፈርምም" አልኳት። ሌላ ዋስ እንድትፈልግ ቀነ ገደቧ ሊያልፍ ገና አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ቅቤዋን መለስኩላትና እስከ በር ሸኘኋት።